ሳነቴን በወረቀት

የሳነቴን አምባ በእግር ስለማቋረጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ዲላ ከተማ ውስጥ አታገኙም። ነፋሱ መቼ እንደሚበረታ፣ ጭጋጉ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ራስ ምታት በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚጀምር፣ ላብ በብርድ አገር ለምን ጠላት እንደሚሆን ጠይቁኝ፤ ቡናችሁ እስኪቀዘቅዝ አስረዳችኋለሁ። የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አላቋረጥኩትም።

ለማያውቁት ልንገራችሁ፤ ማስረዳት አመሌ ነው። ሳነቴ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ወደ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ገላጣ ሜዳ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው፣ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ በላዩ ያልፋል። ከጎባ ሲነሱ ኮሶና አምጃ አለ፤ ከፍ ሲሉ አስታ ይተካል፤ ከዚያ አስታውም እያጠረ ሄዶ ያልቃል። ቀና ብሎ የሚቆም ነገር ቢኖር ጅብራ ነው። በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ተኝቶበት የነበረ አገር ስለሆነ ሜዳው ድንጋይና አጭር ቁጥቋጦ ነው፤ ሰው ከነፋስ የሚሸሸግበት ጥግ የለውም። ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ሆኖ ከዚያው ሜዳ ላይ ይነሳል። በደቡብ በኩል መሬቱ ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። የህልሜ ቦታ ያ ጠርዝ ነው፤ ከጎባ በእግሩ የመጣ ሰው ከነፋሱ ተገላግሎ ደኑን ቁልቁል የሚያይበት። ከሰዓት በኋላ ግን ከሐረና በኩል እርጥብ አየር ሽቅብ ይወጣና ሁሉንም በጭጋግ ይሸፍነዋል። ስለዚህ እዚያ መድረስ በጠዋት ነው። ይህን ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ። በጠዋት መነሳት ግን አልወድም።

የዲላ ሰው ሳነቴ ምን አለው ትሉ ይሆናል። ዲላ 1570 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ብርድ የምንለው ቀጭን ሹራብ የሚያስደርበውን ነው። ነገሩ የመጣው ከሪያድ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሪያድ ላይ ባካሄደው 45ኛ ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በዚያው ጉባኤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ተመዘገበ። ሌላው ሰው ደስ ብሎት እልል ብሎ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ እኔ ቡና ላይ ንግግር አደረግሁ። "ባሌ አሁን እኅታችን ናት" አልኩ። "እኅት ደግሞ ትጠየቃለች፤ ያውም በእግር።" ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ ከአልኮል ይልቅ ጭብጨባ ነው ያሰከረኝ።

የሥራዬም ጠባይ መታወቅ አለበት። መሥሪያ ቤት ውስጥ የተመደብኩት እቅድ ክፍል ነው። ዓመታዊ እቅድ አወጣለሁ፣ በሩብ ዓመት እሸነሽነዋለሁ፣ ያልተሠራውን ወደ ቀጣዩ ሩብ ዓመት አሸጋግራለሁ። ቤቴ ስገባም ከዚህ አልወጣም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና በመጀመሪያው ገጽ ላይ "የሳነቴ ጉዞ ስትራቴጂክ እቅድ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። መግቢያ፣ ዓላማ፣ ግብ፣ ዋና ዋና ተግባራት፣ ምቹ ሁኔታዎች፣ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ስጋቶች። ስጋቶቹ ብቻቸውን የደብተሩን እኩሌታ ወሰዱ።

በስጋት በኩል ማንም አይቀድመኝም። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ ከዲላ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ያለው 2800 ሜትር ልዩነት ሲሰላ 18 ዲግሪ ማለት ነው። 4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ነው፤ ሰውየው እኩል ቢተነፍስም የሚያገኘው ኦክስጅን እኩል አይደለም። በበጋ ሌሊት ሳነቴ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ አለ። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው፤ ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ቆሞ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ያህል ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሰውን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ ሠራሁት። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመርኩት። ሠንጠረዡ ሲያምርልኝ ጊዜ መንገዱን የጨረስኩት ያህል ድካም ተሰማኝና ተኛሁ።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። የኔ ናፍቆት የተገላቢጦሽ ነው፤ ያላየሁትን ብቻ ነው የሚወደው። እቅድ ላይ እያለሁ ጀግንነቱ የኔ ነው፣ ነፋሱ ግን የማንም አይደለም። መንገደኛ ነኝ ብዬ ስነሳ ያ ሁሉ ይገለበጣል፤ ነፋሱ የኔ ይሆንና ጀግንነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ይህን ያወቅሁት ገና ደብተሩን ስገዛ ነው። ለዚህ ነው ወፍራም ደብተር የገዛሁት።

ቀጥሎ የጊዜ ሰሌዳ መጣ። ባሌ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ እነዚያን ወራት በአንድ መስመር ሰረዝኳቸው። የቀረው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ጌዴኦ ውስጥ ቡና የሚለቀምባቸው ወራት ናቸው፤ ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ወናጎ፣ ጌደብ፣ ሁሉም ሰው እሸት ቡናውን ወደ መፈልፈያ ለማድረስ ይሯሯጣል። "ምርት ሳይሰበሰብ ከጌዴኦ አልወጣም" አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ "ለመሆኑ ስንት ሄክታር አለህ?" አለኝ። ጓሮዬ ካሉት ጥቂት የቡና እግሮች የሚለቀመው የራሳችንን ጀበና እንኳ ብዙ አያቆይም፤ ያንንም የምትለቅመው ባለቤቴ ናት። ጥርና የካቲት ሲደርሱ "አሁንማ ውርጭ ነው" አልኩ። ለጳጉሜን ዝናቡ አልበቃ ብሎኝ "አጭር ናት" የሚል ጨመርኩባት። ዓመቱ በዚህ መልክ አለቀ፤ እቅዱም በመሥሪያ ቤታችን ልማድ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሸጋገረ።

ልብሱን በተመለከተ ገበያ ወርጄ ከሰልባጅ ተራ አንድ ወፍራም ጃኬት ገዛሁ። ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፤ ደማቅ፣ ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ። ተራራ ላይ ሰው ሲጠፋ ቶሎ እንዲገኝ ልብሱ ደማቅ መሆን አለበት የሚል ምክር አንብቤ ነበር። ኮፍያው ትልቅና ሽቦ ያለበት ስለሆነ በነፋስ አይታጠፍም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቤት ውስጥ ለብሼው ተቀመጥኩ፤ ለመለማመድ ነው። በዲላ ፀሐይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና፣ "ይኼንን ለብሰህማ ወናጎ ያለ ሰው ያይሃል" አለች። እኔ እንደ ሙገሳ ቆጠርኩት።

ሳይንስን የምወደው የሚመቸኝን ክፍል መርጬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት አለ። በስሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው የሄሞግሎቢኑ መጠንም ሆነ የኦክስጅኑ ሙላት ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም የማይለይ ሆኖ አገኙት። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። የእናቴ አባት ከስሜን በውትድርና የመጡ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የሳንባዬ ሩብ የስሜን ነው ማለት ነው። "ምቹ ሁኔታዎች" በሚለው ርዕስ ስር አስገባሁት። የተጠኑት ሰዎች እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ መሆናቸውን፣ እኔ ግን የተወለድኩት ማንጎ በሚበቅልበት ሰፈር መሆኑን አላነሳሁም።

ይህ ሩብ ሳንባ ገንዘብም ቆጥቦልኛል። ከፍታ የማያውቅ ሰው ከ3000 ሜትር በላይ የሚተኛበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳያደርግ ይመከራል፤ ሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው። እኔም ዲንሾ ላይ ሁለት ሌሊት፣ ጎባ ላይ ሁለት ሌሊት ብዬ ጽፌ ነበር። የአልጋውን ዋጋ ደምሬ ሳየው አያቴን አምኜ ግማሹን ሰረዝኩ።

ልምምድ የሚለው ተግባር በጓደኞቼ ግፊት የገባ ነው። ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣው መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በአንድ ጉዞ ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። ከታች ቡናው ከእንሰቱ ስር፣ እንሰቱ ከትልልቁ ዛፍ ስር ተደራርቦ ነው። ከፍ ሲሉ ቡናው ይቀራል፤ እንሰቱ ገብስና ቀርከሃ ይዞ ይቀጥላል። ሪያድ ላይ ያስመዘገበን ይኸው ነው፤ ገደላማ መሬት ላይ አፈሩ ሳይሸሽ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ብልሃት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በማንበብ ነው። በዚያ ቀን ያየሁት የገዛ ጫማዬን ጫፍ ብቻ ነው።

ከገበያ የሚመለሱ እናት ደረሱብኝ። ጀርባቸው ላይ የታሰረው ሸክም ከኔ ሻንጣ ይበልጣል። አለፉኝ። ትንሽ ሄደው ዞር ብለው አዩኝና ቆሙ።

"አሞሃል እንዴ ልጄ?"

"አይ እማማ፣ እየተለማመድኩ ነው።"

"ምኑን?"

"ዳገት መውጣት።"

ዳገቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። የሚሉት ጠፍቷቸው ይሁን አዝነውልኝ፣ ሳይናገሩ ሻንጣዬን ከትከሻዬ አወረዱና ከሸክማቸው ላይ ደረቡት። ልከላከላቸው ይገባ ነበር። "አረ አይሆንም" ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን "አረ" የምለው ማሰሪያውን እየፈታሁላቸው ነበር። ብዙ መንገድ ተሸከሙልኝ። የመንደሩ ቤቶች ብቅ ሲሉ ግን "እማማ፣ ይበቃዎታል፣ ደከሙ" ብዬ ተቀበልኳቸው። መረቁኝ። ያዘንኩላቸው መስሏቸዋል። መንደር ውስጥ ተሸክሜ መታየት ፈልጌ ነው።

ጌዴኦ ውስጥ ሆኖ ስለ ሸክም ማማረር ለብቻው የሚያሳፍር ነገር ነው። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ያየ ያውቀዋል። ሳካሮ ሶዶ ያሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው እስከ አንደኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደሚሄድ ታውቋል፤ ከዚያ በፊት ከሚገመተው 1000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ማለት ነው። ከጌዴኦ ትክል ድንጋዮች አንዳንዶቹ ቁመታቸው 6 ሜትር ይደርሳል። ያንን ድንጋይ ፈልፍሎ፣ ጎትቶ፣ ኮረብታ ላይ ያቆመ ሰው በኖረበት አገር፣ እኔ "ድንኳኑን ማን ይሸከማል" በሚል አጀንዳ ስብሰባ ጠርቼ ቃለ ጉባኤ አስይዣለሁ።

በመጨረሻ የሄድነው ጓደኞቼ እቅዱን መጠበቅ ትተው ቀን ስለቆረጡ ነው። ይህ አሠራርን የጣሰ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። በሐዋሳ፣ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ አድርገን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ገባን። ዲንሾ ከ3000 ሜትር በላይ ናት። የስሜኑ ሩብ ሳንባ እዚያው ከዳኝ። ራሴን ወጥሮ ያዘኝ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ እንቅልፍ ራቀኝ፤ ከደብተሬ የምልክቶች ዝርዝር ላይ አንድም አልቀረኝም። ዓይኔ ፈጦ ሲያድር ስለ ፊንጫ ሀበራ አሰብኩ። እዚያው ባሌ ተራሮች ላይ፣ 3469 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የድንጋይ ጥግ ነው። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል፤ የሚበሉት የባሌን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ነበር። ለድንጋይ መሣሪያቸው የሚሆነውን ባልጩት የሚያመጡት ደግሞ ከዚያም ከፍ ካለ ቦታ፣ በረዶ ከሚተኛበት አጠገብ ነው። እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሼ፣ ብስኩቴን ታቅፌ፣ ፍልፈል ከሚጠብስ ሰው ጋር ራሴን አወዳድሬ ተሸነፍኩ።

ጎባ ስንደርስ ነፋሱ የሆቴሉን ቆርቆሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድበው አደረ። ጎባ ገና ታች ናት፤ ይህ የላይኛው ነፋስ ትርፍራፊ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጓደኞቼ ተነስተው ጫማቸውን ሲያስሩ ሰማሁ። አስጎብኚው መጥቷል፤ ባለፈረሱም ዕቃ እየጫነ ነው። ወጣሁና መጀመሪያ ከባለፈረሱ ጋር በዋጋ ተከራከርኩ። ዋጋው ከዋዜማው የተስማማንበት ነበር። የተከራከርኩት ክርክሩ እስኪረዝም ፀሐይ ትወጣለች፣ ፀሐይ ከወጣች "አሁንማ ረፈደ፣ ጭጋግ ይይዘናል" እላለሁ ብዬ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ልዩነቱን ከኪሱ ከፍሎ ክርክሩን ዘጋው።

ያኔ ሁለተኛውን ካርታ መዘዝኩ። "ሪራ ላይ ማረፊያና ምግብ የሚያመቻች ሰው ቀድሞ መድረስ አለበት" አልኩ። "በእቅዱ ላይ አስተባባሪ የሚል ቦታ አለ።" ቦታው እውነትም ነበር፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ይከራከሩኛል፣ ይለምኑኛል፣ "ያለ አንተ አንሄድም" ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ጥሩ ነው፣ በርታ" ብለውኝ ሄዱ። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይኼ ነው።

እነሱ መንገድ ላይ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ እኔ ጎባ ሌላ ሌሊት ተኛሁ። በማግስቱ ረፈድ ሲል ወደ ደሎ መና በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። በመስኮት በኩል፣ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ። መኪናው ሙሉ ነው፤ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ጆንያ፣ ዶሮ፣ ጄሪካን። ለነዚህ ሰዎች ሳነቴ የገበያ መንገድ ነው። በስትራቴጂክ እቅዴ የስጋት ሠንጠረዥ ላይ በቀይ የጻፍኩትን ቦታ እነሱ እያንቀላፉ ነው የሚያልፉት።

አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ አባት ነበሩ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፤ ሱፍ ይሻላል። ይህን አስረዳኋቸው። በጸጥታ አዳመጡኝ፤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አይተው የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ጨዋታ ተጀመረና ጓደኞቼ ይህን ሜዳ በእግራቸው እያቋረጡ መሆኑን ነገርኳቸው።

"ወደ ሼክ ሁሴን ነው?" አሉ። ባሌ ውስጥ ሰው ብዙ ቀን በእግሩ የሚጓዘው ድሬ ሼክ ሁሴንን ለመዘየር ነው፤ ባላ ዱላውን ይዞ።

"አይ አባባ፣ ለሼክ ሁሴን መንገዱ በዚህ አይደለም።"

"እኔም እኮ ለዚያ ነው የጠየቅሁህ። መኪና አጥተው ነው?"

"ለመዝናናት ነው።"

ትንሽ አሰቡበት። "አንተስ ታዲያ?" አሉኝ። "አንተ አትዝናናም?"

መልስ ሳልሰጥ ሜዳው ላይ ወጣን። እውነት ለመናገር ደብተሬ ውስጥ የጻፍኩት ሁሉ ልክ ነው። ሰማዩ በጣም ቀርቧል፤ ብርሃኑ ያጭበረብራል፤ ቁጥቋጦው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ነፋሱ መኪናውን በጎኑ ሲገፋው ሹፌሩ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይዟል። ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ በተርታ የሚሄዱ ሰዎች አየሁ። አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንዱ ፈረሱን ከለላ አድርጎ ይራመዳል። እነሱ ናቸው።

ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። መኪናውን አስቁሞ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አብሮ መሄድ ይቻል ነበር። መስኮቱን ከፍቶ "አይዟችሁ!" ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተንሸራትቼ ወረድኩና በጆንያውና በወንበሩ መካከል ተወሸቅሁ። ጭንቅላቴን ጉልበቴ ላይ ደፋሁ። አባባ ያመመኝ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉልኝ ጀመር።

በዚያው መሃል መኪናው ውስጥ ጩኸት ተነሳ። ቀይ ቀበሮ! ከመንገዱ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ሳይሸሽ። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ቢቆጠር 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። ይህን ለማየት ነበር እቅዱ ላይ "ዓላማ ሁለት" ብዬ የጻፍኩት። ሕፃኑ ሳይቀር አየው። እኔ ያየሁት የጆንያውን ስፌት ነው።

ሪራ ወርጄ ሻይ ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ ራሴ ለቀቀኝ። ከፍታ ላመመው ሰው መድኃኒቱ መውረድ ነው ይላል ደብተሬ፤ እዚህ ላይ ብቻ ምክሬን ተከትያለሁ። ጓደኞቼ በማግስቱ ሲደርሱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ፊታቸው ተልጧል፣ ዓይናቸው ግን እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። በራፍ ላይ ተቀበልኳቸው። ምግብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያዘጋጀችው ባለቤቲቱ ናት። ገና ቁጭ ሳይሉ፣ "ነፋሱ ከባድ ነበር አይደል? በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ እኔም ፊቴን ገርፎኛል" አልኩ።

አስጎብኚው ሻይውን እያማሰለ፣ "መስኮቱን መዝጋት ነበረብህ" አለኝ።

ዲላ ከተመለስን በኋላ ወሬውን የመናገር ኃላፊነት የኔ ሆነ። አፍ ያለኝ እኔ ነኝ፤ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። "ሳነቴን ተሻገርን" እያልኩ ጀመርኩ። በምን እንደተሻገርን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ያልተጠየቅሁትን ደግሞ ሪፖርት አላደርግም። እያደር ወሬው ላይ ፈረሱን ከለላ አድርጎ የሚሄደው ሰው እኔ ሆንኩ። ቀበሮውን አየሁት። ከዚያም ሕፃን ልጅ ያላት እናት ብርድ ላይ አገኘሁና ጋቢ አለበስኳት፤ ጋቢው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማታ ማታ ደብተሩ ላይ የአፈጻጸም ሪፖርት ጻፍኩ። አፈጻጸም፦ 92 በመቶ። ያጋጠሙ ችግሮች፦ ነፋስ። የተወሰዱ መፍትሔዎች፦ አማራጭ የትራንስፖርት አገልግሎት መጠቀም። እቅድ ክፍል ብዙ ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም።

አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ነፋሱ ከድንኳኑ ጋር ሊወስደኝ ሲል የደረስኩበት ቦታ ላይ እያለሁ አንዱ ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየ። ሰፊ ሜዳ፣ ጅብራ፣ ከኋላ መንገድ፣ መንገዱ ላይ የሚሄድ መኪና። ቆንጆ ፎቶ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የጎረቤታችን ልጅ ፎቶውን በጣቷ አሰፋችና "ይኼ ብርቱካናማ ነገር ምንድን ነው?" አለች። ከመኪናው መስኮት ጠርዝ በላይ፣ ሰው በማይታይበት ወንበር ላይ፣ አንድ የኮፍያ ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በነፋስ የማይታጠፍ ነው ብያችሁ ነበር።

"እኛማ ያኔውኑ አይተነዋል" አለ ጓደኛዬ። "እጃችንን ስናውለበልብለት ነበር።"

ባለቤቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ሲኒው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሌላው ሰው ለጨዋነቱ ትንሽ ቆይቶ ነው የሳቀው።

ለመጪው ኅዳር አዲስ እቅድ ጀምሬያለሁ። ደብተሩም አዲስ ነው፤ ይኼኛው ባለ 100 ሉክ ነው። ጓደኞቼ ዘንድሮ ከሪራ ወደ ጎባ ሽቅብ እንሂድ እያሉ ነው፤ እኔም በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የሚገዙ ዕቃዎች በሚለው ርዕስ ስር ተራ ቁጥር አንድ ላይ የጻፍኩት "ጃኬት፣ ግራጫ፣ ኮፍያ የሌለው" የሚል ነው።